የአደራ ልጆች ትምህርት፦ መስከረም ሳይጠባ ምን ምን ይሟላ?

የቅሬው ጸሐፊ (ነሐሴ 6)
መርሃባ የወሎ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ደሴ ውስጥ የሦስት ቅሬ (ዕድር) ሰዎች ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነን ወላጅ ያጡ 9 ልጆችን በአደራ ቤተሰብ ዘንድ እያስቀመጥን ነው። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 15 ነው። ከለጋምቦ የመጡ አሉ፣ ከባቲና ከከሚሴ የመጡ አሉ፣ አንዱ ከሰቆጣ ነው። ጉዲፈቻ አይደለም፤ ዘመድ ከተገኘ ይመለሳሉ። ቤተሰቦቹ ማብላትና ማልበሱን አያሳስባቸውም፣ የጨነቃቸው ትምህርቱ ነው። ወረቀቱ፣ የሚገቡበት ክፍል፣ ወጪው፣ ለትምህርት ቤቱ የሚነገረውና የማይነገረው። የምታውቁ ዘርዝሩልን። «አብሽሩ፣ አላህ ያግዛችሁ» የሚለውን ከሽማግሌዎቹ ጠግበናል።

ጦሳ ሥር (ነሐሴ 6)
ከወረቀቱ ልጀምር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክላሴር ግዙ። የሚገባበት፦ ልጁ ለቤተሰቡ የተሰጠበት የአደራ ውል ወይም የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ (ማኅተሙ የሚነበብ፣ ዋናውና 3 ኮፒ)፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ካለፈው ትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ካርድ፣ 4 ጉርድ ፎቶ፣ የክትባት ወይም የጤና ካርድ ካለ፣ የወላጆች የሞት ማስረጃ ካለ። ዋናዎቹ ከቤት አይውጡ፤ ለርዕሰ መምህሩ ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሱ።

ልደት በአዋጅ 760/2004 መሠረት ቀበሌ ላይ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም። ወላጅ ከሌለ አሳዳሪው፣ እሱም ከሌለ ልጁን የያዘው ሰው ማስመዝገብ ይችላል። ሕጉ የሚሰጠው ቀን 90 ነው፤ የእናንተ ልጆች ሁሉ ያን ስላለፉ ተጨማሪ ማስረጃና ምስክር ይጠየቃል፣ ምልልስም አለው። የምዝገባው ሳምንት ሳይደርስ ጀምሩት።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሳዳጊው በቅንነት የራሱን ስም በአባት ቦታ ያስጽፋል። አታድርጉት። የአደራ ቤተሰብ የልጁን የትውልድ ሐረግ አይቀይርም፤ ልጁ ነገ የአባቱን መሬት ወይም ጡረታ ሲጠይቅ ስሙ አይገጥምም። ለሙስሊሙ ቤተሰብ ይህ በሸሪዓውም ግልጽ ነው፣ ነሰቡ (የዘር ሐረጉ) የአባቱ ነው፣ የአሳዳጊው ድርሻ ከፋላ (ማሳደግና መንከባከብ) ነው።

ፊደሉም ይጠበቅ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሀመድ፤ ሰይድ፣ ሠይድ፤ አህመድ፣ አሕመድ። ካርዱ ላይ አንዱ፣ የልደት ወረቀቱ ላይ ሌላው ይሆናል። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ኋላም በ12ኛ ክፍል ይህ ልዩነት ራስ ምታት ነው። የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ክላሴሩ ሽፋን ውስጥ ለጥፉት፤ የትም ስትመዘገቡ ከሱ ገልብጡ። የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣለትም ከዚያው።

ፊደል ቆጣሪ (ነሐሴ 7)
ካርዱ ላይ «ከ3ኛ ወደ 4ኛ ክፍል ተዛውሯል» ይላል። ለምዝገባው እመኑት። ለማስተማሩ ግን ልጁ ራሱ ምን እንደሚችል 15 ደቂቃ ወስዳችሁ እዩ፤ ቤት ውስጥ፣ ሻይ ቀርቦ፣ «ፈተና» የምትለዋ ቃል ሳትነሳ።

የፊደል ገበታውን ዘርጉ። «ሀሁ በል» አትበሉት። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብሎ እንደ መንዙማ ያወርደዋል፤ ጣታችሁን ቂ ላይ ብታሳርፉ ግን ከቀ ተነሥቶ በሆዱ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ይህ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቅም። ስለዚህ 20 ፊደል ከየቦታው ንኩ፦ ሉ፣ ቂ፣ ጨ፣ ም፣ ዶ፣ ኜ እያላችሁ። ከ5 በላይ ከሳተ ሥራው ከፊደል ይጀምራል። ካለፈ 10 ቃል፣ ከዚያ ከ2ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ አራት ዓረፍተ ነገር ያንብብ። ሲጨርስ መጽሐፉን ክደኑና «ምን ሆነ?» በሉት። ገጹን በቃሉ የያዘም ይኖራል፤ የመጨረሻዋን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ አንድ አንድ ቃል እያመለከታችሁ አስነብቡት፣ ይለያል።

ስህተቱ ራሱ ይናገራል። ሳድሱን (ል፣ ም፣ ር፣ ብ) የሚስት ልጅ ብዙ ነው፤ ካዕብና ሣልስ (እንደ ሉ፣ ሊ) ቅጥያቸው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሲሆን ሳድስ ግን በየፊደሉ ቅርጹን ይለዋውጣል። የአማርኛ ቃል ደግሞ አብዛኛው በሳድስ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከየቃሉ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ተና ቸን፣ ነና ኘን፣ ደና ጀን፣ ጠና ጨን የሚያምታታ ከሆነ ከሰሌዳ የገለበጠውንና ከመጽሐፍ የገለበጠውን አስተያዩ። ከመጽሐፍ ሲገለብጥ ደህና ሆኖ ከሰሌዳው ብቻ ከተበላሸ ዓይኑ ይታይለት፣ እስከዚያው የፊት ወንበር ይለመንለት።

ሒሳብ ላይ 43 ሲቀነስ 27ን አንዴ በጽሑፍ፣ አንዴ በወሬ ጠይቁ፦ «43 ብር ይዘህ የ27 ብር ስኳር ብትገዛ ስንት ይመለስልሃል?» ከብት ጠብቆ፣ ገበያ ወርዶ ያደገ ልጅ በአፉ 16 ይላችኋል፤ ወረቀት ላይ 24 ይጽፋል፣ ከ7 ላይ 3ን ቀንሶ። ይህ አያስፈራም፣ መበደር የሚባለውን በአሥር ብር ኖትና በአንድ ብር ሳንቲም ቢያየው በሁለት ሦስት ሳምንት ይያዛል። በወረቀት ችሎ በገንዘብ የማይችለው ነው የበለጠ ሥራ የሚጠይቀው።

ክፍል ስለ መቀነስ፦ ዕድሜው ከክፍሉ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ካርዱ ያለው ክፍል ላይ ይቀመጥና ቤት ውስጥ በቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይደገፍ። 6ኛ ሊገባ ሆኖ ንባቡ የ2ኛ ክፍል ከሆነ ግን 5ኛን ቢደግም እመርጣለሁ። ክልላዊ ፈተናውን ወድቆ ከመድገም አውቆ መድገም ይሻላል።

ሸዋበር (ነሐሴ 7)
ፊደል ቆጣሪ፣ በመጨረሻው አልስማማም። የአደራ ልጅ ቤት ተቀይሮበታል፣ ሰፈር ተቀይሮበታል፣ የሚጠራው ሰው ተቀይሮበታል። ክፍልም ትቀንሱበት? ዕድሜው ከገፋ ልጅ ትምህርት የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ካነሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ማፈር ሲጀምር ነው። የ13 ዓመት ልጅ 2ኛ ክፍል ወንበር ውስጥ ጉልበቱ አይገባም፣ ቃል በቃል። የተፋጠነ ትምህርት ያለበት ወረዳ ከሆነ የታችኞቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር ያስጨርሳሉ፤ መጀመሪያ እሱን አጠያይቁ።

ፊደል ቆጣሪ (ነሐሴ 7)
የ13 ዓመቱ ላይ ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። እኔ ያልኩት ለ11 ዓመቱ ነው፤ ያውም ልጁ ተጠይቆ እሺ ካለ።

ባቲ ሰኞ (ነሐሴ 8)
ከባቲና ከከሚሴ ስለመጡት ማንም አላነሳም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች የተማሩት በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። አማርኛ እንደ ውኃ ይናገሩ ይሆናል፤ ደሴ ላይ 3ኛ ክፍል ገብተው ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን አያነቡም። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ብሎ ይደመድማል። ልጁ ማንበብ ያውቃል፣ ያልያዘው ፊደሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሀ አታስጀምሩት፣ ከሚያውቀው ድምፅ ተነሡ።

በአንድ ወረቀት ላይ የቁቤውን ፊደል በግራ፣ አቻውን በቀኝ ጻፉ። አብዛኛው ድምፅ አቻ አለው፤ ቁቤ ለጠ፣ ለጨ፣ ለቀ፣ ለኘ፣ ለሸ ሁሉ የራሱ መጻፊያ አለው። ከገበታው 33 ፊደል ሞክሼዎቹን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለጊዜው ተዉአቸው፣ 28 ይቀራሉ። በቀን ሁለት ፊደል ከነሰባት ዘሩ፣ 20 ደቂቃ፣ በ14 ቀን ይጨርሳል። ሞክሼዎቹ በ15ኛው ቀን «ድምፃቸው ያው ነው፣ አጻጻፋቸው ሌላ» ተብለው ይገባሉ። ዛሬ ነሐሴ 8 ነው፣ ለመስከረም ጊዜ አለ።

የት ይሰናከላል? ጥብቀት ላይ። ቁቤ ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል፣ ሲረዝም አናባቢውን ይደግማል። አማርኛ ጥብቀቱን አይጽፍም። «ገና» የበዓሉ ይሁን የ«ገና አልመጣም»፣ «አለ» የ«ተናገረ» ይሁን የ«ይገኛል» ከወረቀቱ አይታወቅም። ልጁ የተጻፈውን ብቻ ለማንበብ ስለለመደ ሁሉንም አላልቶ ያነብና ትርጉሙ ያመልጠዋል። መልመጃው ቀላል ነው፦ ገና፣ አለ፣ ዋና፣ ሰፊ የመሳሰሉ ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ እያስገባችሁ አስነብቡት።

የሰቆጣው ልጅ ጉዳይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኽምጣና (የዋግ አገው ቋንቋ) የሚጻፈው በፊደል ነው፣ ስለዚህ ፊደሉ አይቸግረውም። የሚቸግረው ቃሉ ከሆነ ከአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ በየምዕራፉ 10 ቃል አውጥታችሁ ቀድማችሁ አስረዱት።

ሁለቱም ላይ፦ ቋንቋቸውን ቤት ውስጥ አትከልክሉ። ይመለሳሉ ብላችኋል፤ ሲመለሱ ያስፈልጋቸዋል።

ጀበና (ነሐሴ 8)
እኔ የቤቱን ልበል። ልጁን ሌሊት 11 ሰዓት ቀስቅሶ ውኃ አስቀድቶ፣ እንጨት አስለቅሞ፣ ከዚያ «ለምን ክፍል ውስጥ ተኛህ» ማለት አይሆንም። ሥራ ይሥራ፣ የቤቱ ልጆች የሚሠሩትን ያህል። በፈረቃ የሚማር ከሆነ ነፃው ግማሽ ቀን ሳይታወቅ በሥራ ይሞላል፤ ከዚያ ላይ የንባብ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ገበያው ሰኞ ሆኖ ልጁ ሰኞ ሰኞ ከቀረ በወር አራት ቀን ነው፣ ሰኞ የሚሰጠው ትምህርት በሙሉ ያመልጠዋል ማለት ነው። የገበያውን ሸክም ለቅዳሜ አዙሩት፣ ወይ ሌላ ሰው ይውረድ።

ለንባብ ከቡና ሰዓት የተሻለ የለም። ቤቱ ተሰብስቧል፣ ስልክ ወዲያ ተቀምጧል። ከአቦል እስከ ቶና ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከቶና እስከ በረካ ያነበበውን ያውራ። ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ «ደግሞ ምን ሆነ?» ብለው መከታተል ይችላሉ። ሌላ አስጠኚ ሳይቀጠር ይህ በየቀኑ ከተደረገ ትልቅ ነገር ነው።

ዕቃው፦ ለታችኛው ክፍል ባለ 32 ሉክ 8 ደብተር፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ባለ 50 ሉክ 10 ወይም 11፤ የሒሳቡ ሁለት ይሁን፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። እስክሪብቶ በደርዘን፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ። ሁሉን መስከረም ላይ አትስጡት፣ ግማሹን ለሁለተኛው መንፈቅ አስቀምጡ፤ የካቲት ላይ ደብተር ያለቀበት ልጅ አፍሮ ዝም ይላል እንጂ አይጠይቅም። ዩኒፎርም ሲሰፋ የሱሪው እግር ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይታጠፍ፣ ዓመቱን ሙሉ ይለቀቅለታል። ለሴቶቹ ሞዴስ ከደብተሩ ጋር በአንድ በጀት ይግባ። በየወሩ «ስጡኝ» ከማስባል የሦስት ወሩን በእጇ ማስያዝ ይሻላል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር አንድ የሶላር ፋኖስ፤ በኩራዝ ጭስ አታስጠኑ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ማዓጤመ) ካርዳችሁ ላይም ልጁን አስጨምሩት። ወባ ወይ ጉንፋን ሲይዘው የሐኪም ቤት ወጪ ፈርታችሁ ሦስት ቀን ቤት አታውሉት።

የወረኢሉው (ነሐሴ 9)
ገንዘቡን ከቅሬው ኪስ ብቻ አትፈልጉ። ከገጠር የመጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የአባቱ መሬት አለ፣ ዘመድ እያረሰው ነው። አንድ ፌስታል ጤፍ ለበዓል ይመጣል፣ ሌላው የት እንደገባ ማንም አይጠይቅም። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ከወረዳው መሬት አስተዳደር አጣሩ። በፍርድ ቤት ሞግዚት ሲሾም ኪራዩ ወይም የእኩል እርሻው በጽሑፍ ውል ይሆናል፣ ለልጁ ትምህርትም ይውላል። የአደራ ውሉ ብቻውን መሬት ለማከራየት አያበቃም፤ እሱ ለእንክብካቤው ነው፣ ለንብረቱ ሞግዚትነት ለብቻ ይጠየቃል። ሙስሊም ቤተሰብ ሆነው ወገኖቹ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የሞግዚትነት ጉዳይ ያያል። ሟቹ አባት ወይም እናት የመንግሥት ወይም የድርጅት ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም ፖሊስ ከነበሩ ደግሞ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ የተተኪ ጡረታ ሊኖረው ይችላል፣ አካል ጉዳተኛ ከሆነ ከዚያም በኋላ። የጡረታውን ነገር ሳይጠይቁ ዓመታት የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ ያለፈው ደግሞ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።

ዘመዶቹ «ልጁን ወስዳችሁ መሬቱንም ልትወስዱ ነው» ማለታቸው አይቀርም። በሽማግሌ ፊት፣ ሞግዚቱ ከአሳዳጊው ቤተሰብ ውጭ ቢሆን ወሬው ይበርዳል።

ቦርከና (ነሐሴ 9)
ከ15 ዓመቷ ልጅ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ጥያቄ አላቸው። 8ኛ ልትገባ ነው፣ ዐረብ አገር ያለች አክስቷ «ፓስፖርት አውጪ» እያለቻት ነው። ምን ይበሏት?

ጦሳ ሥር (ነሐሴ 9)
ቁጣ አይሠራም፣ «አትሄጂም» ሲሏት የምትሄድበትን ቀን ነው የምትደብቀው። ሕጋዊ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት 18 ዓመት ይጠይቃል። ከዚያ በታች የምትሄድ ልጅ ዕድሜዋን አስጨምራ ወይ በደላላ ነው የምትሄደው፣ ዕድሜ ሲጨመር ደግሞ ከላይ ያልነው የስም ወረቀት ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ወሬው በ3 ዓመት ይሁን፦ በ18 ዓመትሽ መሄድ ብትፈልጊ 8ኛን ጨርሰሽ፣ እንግሊዝኛ አንብበሽ፣ ሙያ ይዘሽ ነው። የምታምነው አንድ ሰው፣ ከተቻለ ሴት መምህርት፣ በየሁለት ሳምንቱ ታነጋግራት። ለጋብቻም ዕድሜው ያው 18 ነው፤ ጠያቂ ከመጣ ለጽሕፈት ቤቱ ንገሩ፣ በአሳዳጊ ቤት እሺታ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ሸዋበር (ነሐሴ 10)
ትምህርት ቤቱ ጋ ስለሚነገረው። ለሁለት ሰው ብቻ ንገሩ፦ ለርዕሰ መምህሩና ለክፍል ኃላፊው መምህር። የሚነገረውም ይህ ነው፦ ልጁ በአደራ ቤተሰብ ነው የሚኖረው፣ የሚጠራው ሰው እገሌ ነው፣ ስልኩ ይህ ነው፣ በድንገት የሚያስደነግጠው ነገር (ጩኸት፣ ዱላ፣ የመኪና ድምፅ) ይህ ነው። ወላጆቹ እንዴት እንደሞቱ የክፍሉ ወሬ መሆን የለበትም።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ለምኑ። አንደኛ፣ «ወላጅ አምጣ!» የምትለዋ። ለሌላው ልጅ ቅጣት ናት፣ ለዚህ ልጅ ቁስል መንካት ናት። ብዙው ልጅ «ወላጅ የለኝም» ከማለት ከግቢ መቅረትን ይመርጣል፤ ሦስት ቀን ያለምክንያት ከቀረ መጀመሪያ ይህችን ጠይቁ። መምህሩ «አሳዳጊህን» ይበል፣ ወይ በቀጥታ ይደውል። ሁለተኛ፣ ድጋፍ በሰልፍ ላይ አይታደል። «የሚረዱ ተማሪዎች ወደፊት ውጡ» ተብሎ ባንዲራው ሥር ደብተር የተሰጠው ልጅ ደብተሩን ይጠላዋል። የረጂ ስም የታተመበት ቦርሳም እንደዚያው ነው። ቤት ይሰጠው። ሦስተኛ፣ «የቤተሰባችሁን ፎቶ አምጡ» ወይም «የዘር ሐረጋችሁን ሣሉ» የሚል የቤት ሥራ ሲኖር «አብሬያቸው የምኖር ሰዎች» በሚል ሊሠራው እንደሚችል መምህሩ አስቀድሞ ይንገረው።

አሳዳጊው መስከረም ላይ፣ ኅዳር ላይና ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በፊት በራሱ ይሂድ። ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ያለው ልጅ አያያዙ ይለያል።

የቅሬው ጸሐፊ (ነሐሴ 10)
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ የቀረኝ፦ በዓመቱ መካከል ዘመድ ተገኝቶ ልጅ ቢሄድስ?

ፊደል ቆጣሪ (ነሐሴ 10)
ምርጫ ካለ መንፈቀ ዓመቱ እስኪያልቅ ይቆይ፤ ፈተና ሳይፈተን የሄደ ልጅ ውጤቱ ጎዶሎ ስለሚሆን አዲሱ ትምህርት ቤት ይቸገራል። መቆየት ካልተቻለ እስከዚያ ቀን ያለውን ተከታታይ ምዘና መምህራኑ በወረቀት ጽፈው ማኅተም ያድርጉበት። የተዋሳቸውን የመማሪያ መጻሕፍት መልሱ፤ ያልተመለሰ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ መሸኛና ካርድ ያስይዛል፣ ልጁ ሰቆጣ ደርሶ ካርዱ ደሴ ይቀራል። ስለዚህ መስከረም ላይ የወሰዳቸውን መጻሕፍት ብዛት ክላሴሩ ላይ ጻፉ። ደብተሮቹን እንዳትጥሉ፣ ይዞ ይሂድ። የ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ሮስተር (የውጤት መዝገብ) የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ የልጁ ደብተርና ያረጀ ካርድ ብቸኛ ማስረጃ ሆነው የቀሩበት አለ።

ጦሳ ሥር (ነሐሴ 10)
ክላሴሩም ከልጁ ጋር ይሂድ፣ ኮፒው ቅሬው ጋ ይቅር። ተረካቢው ዘመድ ምን ምን እንደተረከበ ፈርሞ ይውሰድ፣ ከመሸኛው እስከ መጻሕፍቱ።

የቅሬው ጸሐፊ (ነሐሴ 11)
ክላሴሩን ዛሬ ፒያሳ እንገዛለን። የባቲዎቹን ሁለት ልጆች ቁቤ ከሚያነብ ሰው ጋር ለማገናኘት ሞክረን አንድ የኮሌጅ ተማሪ ተገኝቷል፣ ከነገ ጀምሮ ከዐስር ሶላት በኋላ 20 ደቂቃ። ባቲ ሰኞ፣ የግራና ቀኝ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ ብትለጥፍልን?

ባቲ ሰኞ (ነሐሴ 11)
ማታ እለጥፈዋለሁ። ለነገ በመ፣ በለ፣ በነና በበ ጀምሩ፤ በአራቱ ብቻ «ማን»፣ «ነበ»፣ «ለማን» እያሉ ቃል መመሥረት ይቻላል።

ጀበና (ነሐሴ 11)
«ነበ» ቃል አይደለም። ነብር ልትል ፈልገህ ረ አጥራህ እንደሆን ረን ጨምር።

ባቲ ሰኞ (ነሐሴ 11)
ይጨመር፣ አምስት ይሁን። መ፣ ለ፣ ነ፣ በ፣ ረ፦ ነብር፣ በር፣ ማን፣ ነበር።